የአራተኛ ፎቅ ሐይቅ

ኦታካር ሆስፒታል የገባ ዕለት
ቁልፉን ሰጠኝ፣ ከቁልፉ ጋር አንድ ወረቀት፦

«ለድራሆሚራ፤
ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለት ጣት ቁንጥር፤
ቢለማመጡሽም አትስጪ፤ ሆዳቸው አያውቅም ቁጥር።
መብራቱ ማታ በአራት ይጥፋ፤
ከሁሉ በላይ፣ አዝነሽ እጅሽ አይስፋ።»

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ልክ ከሥሩ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ በላይ አራት መቶ ሊትር ውሃ ሲያድር
ጣሪያውን እያየሁ ስጸልይ ኖሬአለሁ፣ ለእሱ ሳልናገር።

ውጭ ጥር ነው፤ የኦስትራቫ በረዶ ገና ሲወድቅ ይጠቁራል፤
የተዘጋው ማዕድን ግንብ በመስኮቱ ልክ ቆሟል፤
ውስጥ ግን ሃያ ስድስት ዲግሪ፣ ሰማያዊ በጋ፣
ከአሮጌው ሶፋ አጠገብ፣ ወደ ማሞቂያው ጠጋ።

ሲክሊድ ይላቸዋል፤ የቆሮሶ የአክስት ልጆች፣
ቀለም ተቀብተው ሰርግ የሚሄዱ ጠበኞች።
የማላዊዎቹ ድንጋይ ለድንጋይ ይተሻሻሉ፤
ትንሾቹ የታንጋኒካ ልጆች በቀንድ አውጣ ቅርፊት ቤት ይውላሉ፤
አንድ ግዙፍ የአማዞን ሰው ደግሞ፣ ብቻውን ጥግ ይዞ፣
ውሃው አልስማማ ብሎት፣ አኩርፎ፣ ተክዞ።
«እሱስ ስህተቴ ነው» ብሎኛል አንዴ፤ «ለስላሳ ውሃ ነበር አገሩ፤
ገበያ ላይ ዓይኑ ያዘኝ። አሁን ማን ይወስደዋል? እዚሁ ይኑር ከነክብሩ።»

ስም ያወጣላቸው ከድሮ ፈረቃው ነው፤
ሰማያዊው ጉልበተኛ «ካቦ»፣ ቢጫዋ «ሎሚ»፣
ባለመስመሩ «አሎይስ»፣ ጣሪያ ተደርምሶበት እዚያው የቀረው።

በሦስተኛው ቀን ካቦ ሎሚን ሲያሳድድ አየሁ፤
ክንፏ ተቀዷል። በቀለበቴ መስታወቱን አንኳኳሁ።
«ነውር አይደለም?» አልኩት፤ ዞሮም አላየኝ፤
ደወልኩ። ኦታካር ሳል በሳል ሆኖ መለሰልኝ፦

«ድንጋዩን አፍርሺው።
ሁሉንም ካውጣሽ በኋላ፣ በሌላ መልክ ደርድሪው።
የእኔ ያለው ዋሻ ሲጠፋበት ካቦም እንግዳ ነው፤
እንግዳ ደግሞ ጠብ አይጀምርም፤ በር ነው የሚፈልገው።»

እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ብብቴ ገባሁ፤
በስልሳ ስምንት ዓመቴ ሐይቅ ስቆፍር ራሴን አገኘሁ።
ውሃው ደፈረሰ፤ ምንጣፉ ራሰ፤ አንዱ ጣቴን ነከሰ፤
ሲጠራ ግን
ካቦ በገዛ ቀዬው፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው ተመላለሰ።

(የምድር ቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ሌሊት ትዝ አለኝ፤
ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ ስንት ዓመት የተኳረፍናት ወይዘሮ ቱየት
ባልዲ ስታቀብለኝ፣ ባልዲ ሳቀብላት።
ውሃው በደረቀ ማግስት መልሰን ተኳረፍን፤ እሱ ሌላ ነው።)

ከሳምንት በኋላ ሎሚ መብል ተወች፤
አገጯ አብጧል፣ አፏ ተከድኗል፤ አንዲት ፍርፋሪ አልቀመሰች።
ገደልኩበት ብዬ በእኩለ ሌሊት ደወልኩ፤ ነርሷ ተቆጣች።
እሱ ግን ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ወደ ዝምታ፤
«ልጆቿ ናቸው» አለኝ ቆይቶ፤ «አፏ ውስጥ፣ ሃያ ቀን፣ ጠዋትም ማታ።
ብትውጥ ይሞታሉ፤ ብትተፋ ካቦ ይበላቸዋል፤
እንዲህ ያለ ጾም፣ ድራሆሚራ፣ የትኛው ቄስ ያውቃል?»

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ በባትሪ መብራት፣
ሳላስበው በሠራሁት ስንጥቅ አፏን ከፍታ አየኋት።
አንድ በአንድ ወጡ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ፈረቃ፤
በመስኮቱ፣ ከግንቡ አናት ላይ፣ ገና አልጠለቀችም ጨረቃ።
አሥራ አንድ።
ካቦ ከጥላው ብቅ አለና ሁለቱን ወሰደ፤
ግዙፉ የአማዞን ሰው ግን አየ፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ።
ዘጠኝ።

ደወልኩ። «ስንት ወጡ?» አለ፣ በማዕድን አፍ ላይ ቆመው የሚጠይቁት ዓይነት አጠያየቅ።
«ዘጠኝ» አልኩት። ስንት እንደነበሩ አልነገርኩትም፤ እሱም አልወደደም ማወቅ።
ስልኩን ከማጣሪያው አጠገብ አኖርኩለት፣ ውሃው ሲንፎለፎል እንዲሰማ፤
እሱ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ ጫፍ፣ መሃላችን ከተማ።

ሲነጋ ምግባቸውን ሰጠሁ፤ ወረቀቱ እንዳለው፣ በሁለት ጣት፤
ቀጥዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ሦስተኛ ጣት ጨመርኩበት።